ተሰላፊዎች ሲለዋወጡ ቡድን እንዴት ይቀጥላል?
ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ታሪክ ለመምህራን ማሠልጠኛዎች የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ማናቸውም የትምህርት ተቋም ከሌሎች ድርጅቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም ሥራውን በሚገባ በፈጸመ መጠን ምርጥ ሰዎቹን የሚያጣ መሆኑ ነው። ፋብሪካ የሠለጠነ ሠራተኛውን ለማቆየት ይጥራል፤ ትምህርት ቤት ግን የሠለጠነውን ተማሪ መርቆ ይሸኛል። በዚህም ምክንያት በተማሪዎች ላይ የተመሠረተ ሥራ ሁሉ፣ መዘምራንም ቢሆን፣ የቴያትር ክበብም ቢሆን፣ የስፖርት ቡድንም ቢሆን፣ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይደቀንበታል። «ዐዋቂዎቹ ሲሄዱ የቀረው ማን ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቅርጫት ኳስ ነው። ወደ ሜዳ የሚገቡት አምስት ብቻ ስለሆኑ የአንዱ መሄድ የቡድኑን አንድ አምስተኛ ያጎድላል። ስለዚህም አንድ የኮሌጅ ቡድን ጨዋታ ሲጀመር የሚያሰልፋቸው አምስት ተጫዋቾች ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደ ተለዋወጡ መመርመር፣ ተቋም ትውልድን በትውልድ እንዴት እንደሚተካ ለመረዳት ይጠቅማል። ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የተመረጠው በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.) ቡድን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የመለዋወጥ ምክንያቶች

በአሜሪካ ኮሌጆች የአንድ ተማሪ የመጫወቻ ዘመን የተወሰነ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየው ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን እንዳይሰለፍ ይከለክል ስለ ነበር፣ ተማሪው አንዱን ዓመት በጀማሪዎች ቡድን አሳልፎ ለዋናው ቡድን የሚጫወተው ለሦስት ዓመታት ብቻ ነበር። ይህ ክልከላ በ1972 ተነሣ። እንግዲህ በመደበኛው አካሄድ እንኳ ከአምስቱ ተሰላፊዎች ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት በየዓመቱ ይመረቃሉ ማለት ነው። ከምረቃ ሌላ ሕመምና ጉዳት፣ ከትምህርት መስተጓጐል፣ ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር፣ ሳይመረቁ ወደ ሙያተኞች ቡድን መግባት፣ እንዲሁም ከአሠልጣኝ ጋር አለመስማማት ተሰላፊን ከቦታው ያነሣሉ።

ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል አንዳንዶቹ አስቀድሞ የሚታወቁ፣ ሌሎቹ ግን ድንገተኛ ናቸው። ምረቃ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ሆኖም በብዙ ቡድኖች ዘንድ እንደ ድንገተኛ አደጋ ሲያስደነግጥ ይታያል።

የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ቡድን ከ1964 እስከ 1975

ጆን ዉደን ቡድኑን ያሠለጠኑት ከ1948 እስከ 1975 ነው። ወደ አሠልጣኝነት ከመጡበት መንገድ አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርነት ነበር። በመጨረሻዎቹ 12 ዓመታት ቡድናቸው የአገሪቱን የኮሌጆች ሻምፒዮና 10 ጊዜ አሸነፈ። ባሸነፈባቸው ዓመታትና በ1974 በዋነኛነት የተሰለፉት የሚከተሉት ነበሩ።

1964፦ ሃዛርድ፣ ጉድሪች፣ ኤሪክሰን፣ ሂርሽ፣ ስሎተር
1965፦ ጉድሪች፣ ጎስ፣ ኤሪክሰን፣ ሌሲ፣ ማኪንቶሽ
1967፦ አልሲንዶር፣ አለን፣ ዋረን፣ ሻክልፎርድ፣ ሃይትዝ
1968፦ አልሲንዶር፣ አለን፣ ዋረን፣ ሻክልፎርድ፣ ማይክ ሊን
1969፦ አልሲንዶር፣ ሻክልፎርድ፣ ሃይትዝ፣ ሮው፣ ቫሌሊ
1970፦ ሮው፣ ቫሌሊ፣ ዊክስ፣ ፓተርሰን፣ ቢቢ
1971፦ ሮው፣ ዊክስ፣ ፓተርሰን፣ ቢቢ፣ ቡከር
1972፦ ቢቢ፣ ዎልተን፣ ዊልክስ፣ ፋርመር፣ ግሬግ ሊ
1973፦ ዎልተን፣ ዊልክስ፣ ፋርመር፣ ግሬግ ሊ፣ ሆሊፊልድ
1974፦ ዎልተን፣ ዊልክስ፣ ግሬግ ሊ፣ ማየርስ፣ ቶሚ ከርቲስ
1975፦ ማየርስ፣ ማርከስ ጆንሰን፣ ሪቻርድ ዋሽንግተን፣ ትርጎቪች፣ ማካርተር

ይህን ዝርዝር በጥሞና የሚመለከት ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ከ1967 ወደ 1968፣ ከ1970 ወደ 1971 እና ከ1972 ወደ 1973 ሲታለፍ ከአምስቱ አራቱ ባሉበት ቀጥለዋል። ከ1971 ወደ 1972 ግን የቀረው ቢቢ ብቻ ነበር፤ ከ1974 ወደ 1975ም የቀረው ማየርስ ብቻ ነበር። ብዙ ነባር ተሰላፊ መኖር ብቻውን የድል ዋስትና ቢሆን ኖሮ፣ ቡድኑ በ1972ና በ1975 መውደቅ፣ በ1974 ደግሞ ማሸነፍ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1972 ሠላሳ ጨዋታ ተጫውቶ ሠላሳውንም አሸነፈ፤ በ1975ም በመጨረሻው ግጥሚያ ኬንታኪን 92 ለ85 ረታ። ሦስት ነባር ተሰላፊዎች የነበሩት የ1974ቱ ቡድን ግን በግማሽ ፍጻሜው በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 80 ለ77 ተሸነፈ።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። ቡድኑ ከጥር 1971 እስከ ጥር 1974 ድረስ 88 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ይህ ተከታታይ ድል ሲጀመር ተሰላፊ ከነበሩት አምስት ተጫዋቾች መካከል ድሉ በኖትር ዳም 71 ለ70 በተቋረጠበት ቀን በቡድኑ ውስጥ የነበረ አንድም አልነበረም። ሰዎቹ በሙሉ ተለውጠው ሥራው ሳይቋረጥ ቀጥሎ ነበር ማለት ነው።

ተተኪው ከየት ይመጣል?

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ፣ አዲስ ተሰላፊ የሚባለው በእውነቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1964 በመጨረሻው ግጥሚያ ዱክን 98 ለ83 ሲያሸንፉ 26 ነጥብ ያስቆጠረው ከተሰላፊዎቹ አንዱ ሳይሆን ከተቀያሪዎች ወንበር ተነሥቶ የገባው ኬኒ ዋሽንግተን ነበር። በዚያው ጨዋታ ተቀይሮ የገባው ማኪንቶሽ በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ሲድኒ ዊክስ በ1969 ተቀያሪ ነበር፤ በ1970 ተሰላፊ ሆኖ የፍጻሜው ውድድር ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በ1972 ከቢቢ ጋር ከተሰለፉት አራቱ መካከል ዎልተን፣ ዊልክስና ግሬግ ሊ ያለፈውን ዓመት በጀማሪዎች ቡድን አብረው ሲጫወቱ የቆዩ ሲሆን፣ ፋርመር ደግሞ በዋናው ቡድን ተቀያሪ ነበር። በ1975 ከማየርስ ጎን የተሰለፉት አራቱም ባለፈው ዓመት ከቡድኑ ጋር ሲለማመዱ የቆዩ ነበሩ።

የጀማሪዎች ቡድን ምን ያህል የጠነከረ ትምህርት ቤት እንደ ነበር ከሚያሳዩት አንዱ በኅዳር 1965 የተደረገው ጨዋታ ነው። የዚያ ዓመት ጀማሪዎች፣ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር በሚል ስም በዓለም የታወቀው ሉ አልሲንዶር ከመካከላቸው ሆኖ፣ የሻምፒዮናውን ዋንጫ ይዞ የነበረውን ዋናውን ቡድን 75 ለ60 አሸነፉ። ደንቡ ስለ ከለከላቸው ግን ዓመቱን በሙሉ መጠበቅ ነበረባቸው። ዋናው ቡድን በዚያ ዓመት ለፍጻሜው ውድድር እንኳ ሳይደርስ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጀማሪዎቹ ሲያድጉ ግን ከጀማሪዎቹ አራቱ ከነባሩ ከዋረን ጋር ተሰልፈው ሠላሳ ጨዋታ ያለ ሽንፈት ፈጸሙ። የጥበቃው ዓመት የባከነ ዓመት አልነበረም ማለት ነው።

ስልትን ከሰው ጋር ማስማማት

ሁለተኛው ማስረጃ፣ ቡድኑ መሠረቱን ሳይለቅ ስልቱን ባሉት ሰዎች መጠን ይሰፋ የነበረ መሆኑ ነው። በ1964 ከተሰለፉት መካከል ከ1 ሜትር ከ96 ሣንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው አልነበረም። ስለዚህ ተጋጣሚን ከራሱ ቅርጫት ሥር ጀምሮ በሜዳው ሙሉ ርዝመት እያስጨነቁ ኳስ የሚያስጥሉበትን ስልት ያዙ፤ ጉድለታቸውን በፍጥነት ሞሉት። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ15 የሚያልፈው አልሲንዶር ሲመጣ ደግሞ ማጥቃቱ እርሱ ቅርጫቱ አጠገብ በሚቆምበት ቦታ ዙሪያ ተዋቀረ። እርሱ በ1969 ከተመረቀ በኋላ ግን እርሱን የሚመስል ሰው ፍለጋ አልተሄደም። ፓተርሰን ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ እየቆመ፣ ሮውና ዊክስ ከግራና ከቀኝ የሚገቡበት የቀድሞው አሠራር ተመለሰ። በ1970 የመጨረሻ ግጥሚያ 2 ሜትር ከ18 የሚሆነውን የጃክሰንቪልን አርቲስ ጊልሞር የተቋቋመው 2 ሜትር ከ3 የሆነው ዊክስ ነበር፤ ጨዋታውም 80 ለ69 ተፈጸመ።

ከዚህ ላይ መገንዘብ የሚገባን ቁም ነገር አለ። የሄደውን ሰው ቦታ በሌላ ሰው መሙላትና የሄደውን ሰው መልሶ ለመሥራት መሞከር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህሩ ለአዲሱ ተማሪ «እንደ ቀድሞው ሁን» ማለቱን ትቶ «አንተ የምትችለው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ሥራው የሚቀጥለው።

የልምምዱ ሰዓት እንደ ክፍል ትምህርት

ሦስተኛው ማስረጃ በቀጥታ የእኛን ሙያ የሚመለከት ነው። ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1974-75 የውድድር ዓመት የዉደንን 15 የልምምድ ጊዜያት ተቀምጠው ተከታተሉ። ያ ዓመት ከአምስቱ ተሰላፊዎች አንዱ ብቻ የቀረበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ተመራማሪዎቹ አሠልጣኙ የፈጸሟቸውን 2,326 የማስተማር ድርጊቶች መዝግበው በ1976 ውጤቱን አሳተሙ። ከእነዚህ ድርጊቶች ግማሽ ያህሉ ምን መደረግ እንዳለበትና እንዴት እንደሚደረግ የሚያስረዱ ግልጽ መመሪያዎች ነበሩ። ውዳሴ ከመቶ 7 ያህል፣ ተግሣጽም ከዚሁ የማይበልጥ ነበር። ብዙ ሰው አሠልጣኝን የሚያስበው ወይ እንደሚያጨበጭብ ወይ እንደሚጮህ ሰው ነው፤ የተገኘው ግን አጫጭር መመሪያዎችን አከታትሎ የሚሰጥ አስተማሪ ነው።

እኚህ አሠልጣኝ የየዕለቱን ልምምድ በደቂቃ ከፋፍለው በትንንሽ ካርዶች ላይ ይጽፉ ነበር። ለዝግጅቱም ልምምዱ ራሱ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ይሰጡ እንደ ነበር ይታወቃል። በየዓመቱ መጀመሪያም ካልሲ እንዴት እንደሚለበስና ጫማ እንዴት እንደሚታሰር ለነባሩም ለአዲሱም እኩል ያስተምሩ ነበር፤ በትክክል ያልተለበሰ ካልሲ እግርን ያቆስላልና። እንዲህ ያለው አሠራር ዕውቀቱን በአምስት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር አድርጎታል። ዕውቀቱ በዕቅዱና በዘወትሩ ልማድ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ሰዎቹ ሲመረቁ ይዘውት አልሄዱም።

የመምረጥ ዋጋ

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ከድሉ ጎን የነበረውን ኀዘን መሸሸግ አይገባም። በጥር 20 ቀን 1968 በሂዩስተን ከተማ 52,693 ተመልካች በተገኘበት ጨዋታ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 71 ለ69 ተሸነፈ። በዚያ ዕለት ከተሰለፉት አንዱ የነበረው ኤድጋር ሌሲ ጨዋታው ሳይጋመስ ወጥቶ ተመልሶ ሳይገባ ቀረ። ሌሲ በ1965 ከሻምፒዮኖቹ አንዱ የነበረ ተጫዋች ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ቡድኑን ለቀቀ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ሂዩስተንን በግማሽ ፍጻሜው 101 ለ69 በማሸነፍ ብድሩን መለሰ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ሌሲ ግን አብሮ አልነበረም።

ዝርዝሩን ስናነብ ስሙ በ1965 አለ፤ በ1968 የለም። በሠንጠረዥ ላይ የሚታየው ይህ ብቻ ነው። ዳሩ ግን አንድ ስም ከሠንጠረዥ በወጣ ቁጥር አንድ ወጣት «ለምን?» እያለ ይቀራል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያልሰጠ መምህር፣ ዋንጫ ቢያመጣ እንኳ የማስተማር ሥራውን ፈጽሟል ማለት ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው

ከ1975 በኋላ የተሰላፊዎች መለዋወጥ እጅግ ፈጥኗል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ አምስቱም ተሰላፊዎች፣ ማለትም ኖዋ፣ ሆርፎርድ፣ ብሩወር፣ ግሪንና ሃምፍሪ፣ ተመልሰው በ2007 ዋንጫውን ደገሙት። ይህ በዘመናችን እንደ ብርቅ ይታያል። አምስቱም በአንድ ጊዜ በሄዱበት በ2008 ግን ቡድኑ ለሻምፒዮናው ውድድር ሳይመረጥ ቀረ።

በሌላ በኩል ከ2006 ጀምሮ የሙያተኞቹ ማኅበር ተጫዋቾችን የሚቀበለው 19 ዓመት ሲሞላቸውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከጨረሱ አንድ ዓመት ሲያልፋቸው በመሆኑ፣ ታላላቅ ተሰጥዖ ያላቸው ወጣቶች ኮሌጅ ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ ቆይተው የሚሄዱበት ልማድ ተስፋፋ። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ካንሳስን 67 ለ59 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ከአምስቱ ተሰላፊዎች ሦስቱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አምስቱም ወደ ሙያተኞቹ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በአዳዲስ ልጆች የተሞላው ቡድን ለሻምፒዮናው ውድድር አልተመረጠም፤ በሁለተኛው ደረጃ ውድድርም በመጀመሪያው ጨዋታ በሮበርት ሞሪስ 59 ለ57 ተሸነፈ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተማሪዎች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ፣ ያለ አንድ ዓመት ቅጣትም ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ እንዲዛወሩ ስለ ተፈቀደ፣ ቡድን በየዓመቱ ከሥሩ የሚዋቀርበት ጊዜ ሆኗል።

ይህን ስንል ተማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የራሳቸውን ጥቅምና ዕድል የመፈለግ መብት አላቸው፤ ቀድሞ የነበረው ደንብም ተማሪውን አለአግባብ ያስር እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ነገር ግን ተቀያሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚማርበት ዓመት ሲጠፋ አብሮት ምን እንደሚጠፋ ከኬንታኪና ከፍሎሪዳ መረዳት ይቻላል።

ለማሠልጠኛዎቻችን ምን ይጠቅማል?

በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን እንደ ሌላው አገር ተሰጥዖ ያለውን ወጣት ከየክፍለ ሀገሩ መልምሎ ማምጣት አይታሰብም፤ የሚጫወቱት የመጡት ናቸው። ስለዚህ ንጽጽሩ በልክ መወሰድ ይኖርበታል። የመለዋወጡ ችግር ግን አንድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ማሠልጠኛ የስፖርት ኮሚቴ አባል በነበረበት ጊዜ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን በማሠልጠኛዎች ውድድር አሸንፎ ተመለሰ። ዓመቱን በሙሉ የተጫወቱት አምስቱ ተመራቂዎች ነበሩ። ነጥቡ ሃያ ሲበልጥ እንኳ ተቀያሪዎቹን አላስገባንም፤ ድሉ ጣፍጦን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከወንበር ላይ ያልተነሣ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ድንገት የቡድኑ አለቃ ተደረገ። ሦስት ጨዋታ ተሸነፈና መለያውን አጥፎ አስረከበ። «ጋሼ፣ አምና ያላሳያችሁኝን ዘንድሮ ከየት ላምጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ልጅ ዛሬ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ የእርሱ ተማሪዎች ስፖርት የሚማሩት እርሱ ከእኛ በተማረው መጠን ነው። በዚያን ዓመት ያጠፋነው ዋንጫን ብቻ አልነበረም ማለቴ ስለዚህ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን ማሳሰብ ይቻላል።

1ኛ፤ ቡድን ሲመረጥ ከየዓመቱ ሠልጣኞች ተቀላቅሎ ይመረጥ። ከአምስቱ ተሰላፊዎች ሁለቱ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት የሚቆዩ ቢሆኑ ቡድኑ ከባዶ አይጀምርም።

2ኛ፤ ተቀያሪዎች በእውነተኛ ጨዋታ የሚገቡበት ጊዜ አስቀድሞ በዕቅድ ይያዝ እንጂ ለነጥቡ ሁኔታ ብቻ አይተው።

3ኛ፤ የልምምዱ ዕቅድ በጽሑፍ ይዘጋጅ፤ በየዓመቱ መጨረሻም ለሚተካው መምህር ይተላለፍ። መምህርም እንደ ተማሪው ይዛወራልና።

4ኛ፤ ስልቱ ያሉትን ሠልጣኞች አቅም ተከትሎ በየዓመቱ ይመርመር።

5ኛ፤ ከተሰላፊነት የወረደ ሠልጣኝ ምክንያቱ ከሌሎች ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ በግልጽና በአክብሮት ይነገረው፤ ለመመለስም ምን ማድረግ እንዳለበት ይታወቀው።

6ኛ፤ ተመራቂ ሠልጣኞች በመጨረሻው ዓመታቸው ከጀማሪዎች ጋር ተጣምረው የያዙትን ቦታ እንዲያስተምሩ ይደረግ። ይህ ለእነርሱም የማስተማር ልምምድ ይሆናቸዋል።

ማጠቃለያ

የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ቡድን በ12 ዓመታት ውስጥ አምስት ስሞችን ደጋግሞ ለወጠ፤ ያልለወጠው የሚያስተምርበትን መንገድ ነበር። ሰው ሲሄድ የሚፈርስ ሥራ የተመሠረተው በሰው ችሎታ ላይ ብቻ ነው፤ ሰው ሲሄድ የሚቀጥል ሥራ ግን ሰውን በሚያፈራ ልማድ ላይ የተመሠረተ ነው። ማሠልጠኛዎቻችን ወደ ሜዳ ከሚያወጧቸው አምስቱ ይልቅ ወንበር ላይ የሚያስቀምጧቸውን ሰባቱን በምን ዐይን እንደሚመለከቱ ቢመረምሩ፣ ስለ ነገው ቡድን ብቻ ሳይሆን ስለ ነገው መምህር ብዙ ይረዳሉ።